ማርታ ታነባለች፣ ኡፋይሴ ታሰላለች

ሰኞ፣ ሊነጋ ሲል 11 ሰዓት ተኩል፤ ሶዶ

የወልዴ ካሚዮን ከገበያው ጥግ ቆማ ጭስ ትተፋለች። ከኋላችን ዳሞት ተራራ ገና ጉሙን አልገፈፈም። ጭነቱ ዐሥራ ሁለት ጆንያ ጨው፣ ስድስት ቆርቆሮ ላምባ፣ አንድ ጥቅል አቡጀዲ፣ ሁለት የታሰሩ በጎችና እኔ ነን። ወልዴ አክብሮኝ ጋቢና አስቀመጠኝ፤ በጎቹንም እግሬ ሥር አስገባቸው።

«ከላይ ከሆኑ ጨዉን ይልሱታል» አለ።

ታደሰ እባላለሁ። ንጉሡ ገና በዙፋናቸው ላይ ሳሉ ሶዶ ውስጥ የትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ሥራዬ እየዞሩ መቁጠር ነበር፦ ተማሪ፣ አግዳሚ ወንበር፣ ጠመኔ፣ የመስኮት መዝጊያ። ይህን የምጽፈው ያኔ ከያዝኩት ደብተር ነው። እርሳሱ የደበዘዘበት ቦታ ላይ ትዝታዬን አምኛለሁ።

ቦርሳዬ ውስጥ ከሁምቦ ወዲያ ካለ አንድ ትምህርት ቤት የመጣ ደብዳቤ አለ። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠቅስም። የዳይሬክተሩንም ስም ቀይሬዋለሁ፤ አቶ ደምሴ እንበላቸው። ደብዳቤያቸው እንደሚለው ሁለት የአራተኛ ክፍል ሴት ተማሪዎች በግማሽ ዓመቱ ፈተና ላይ ሲነጋገሩ ተይዘዋል፤ መልሳቸውም አንድ ዓይነት ነው፤ ስለዚህ ከትምህርት ቤት እንዲሰናበቱ ተወስኗል፤ ውሳኔው እንዲጸና ተቆጣጣሪ መጥቶ ይፈርምልን። ከግርጌው በሌላ ቀለም «አንደኛዋ ነጯ ናት» የሚል ተጨምሯል። ነጯ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አልተብራራም።

የምፈርምበትን ቅጽ ይዣለሁ። ሁለት መስመር ብቻ ነው ያለው፦ «ተረጋግጧል» እና «አልተረጋገጠም»። በሦስት ቅጂ ይሞላል።

ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት፤ ቁልቁል ወደ ሁምቦ

ከሶዶ ወደ ሁምቦ መውረድ ልብስ እያወለቁ መሄድ ነው። መጀመሪያ ጋቢዬን፣ ቀጥሎ ኮቴን፣ ከዚያ ክራቫቴን አወለቅሁ። እንሰቱ እየሳሳ፣ በቆሎው እየበዛ ይሄዳል። የካቲት ስለሆነ የበቆሎው ማሳ ባዶ ነው፤ አገዳው ብቻ ደርቆ ቆሟል። አቧራው በመስኮት ይገባል፣ በመስኮት ይወጣል፣ የሚቀረው እኛ ላይ ይቀራል።

ወልዴ ሁምቦ ውስጥ ሱቅ አለው። አባቱ ከጉራጌ አገር አቡጀዲ ትከሻው ላይ ተሸክሞ በእግሩ ነው የመጣው። ልጁ አቡጀዲውን በመኪና ይጭናል፤ አቡጀዲው ያው ነው። የምሄድበትን ስነግረው ነገሩ ወዲያው ገባው።

«ነጯን ነዋ! ሰፈሩ ‹ፈረንጇ› ነው የሚላት። እናትና አባቷ እንደኔና እንደርስዎ ጥቁር ናቸው። እሷ ፀጉሯ የበቆሎ ፀጉር፣ ሽፋሽፍቷ ሳይቀር ነጭ።»

«ታውቃታለህ?»

«ደብተር ከኔ ነው የምትገዛው። መጀመሪያ የመጣች ቀን ገጹን ገልጣ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ላምባ የሸተተ መስሎኝ ሌላ ሰጠኋት። ያንንም አስጠጋችው። ሦስተኛውን ስሰጣት ‹ጋሼ ወልዴ፣ መስመሩን እያየሁ ነው› አለችኝ።»

«ታያለች ማለት ነው?»

«ቅርቡን።» ማርሽ ቀየረ። «ፀሐይ ላይ ከሆነች ቅርቡንም አታይ።»

የሐኪም ስሙ አልቢኒዝም እንደሆነ የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ለቆዳ፣ ለፀጉርና ለዓይን ቀለም የሚሰጠው ነገር ከተወለዱ ጀምሮ የጎደላቸው ሰዎች ናቸው። ፀሐይ ያቃጥላቸዋል፣ ብርሃን ዓይናቸውን ይወጋዋል፣ ሩቅ አያዩም። ያን ጊዜ እኔ የማውቀው በልጅነቴ የተነገረኝን ብቻ ነበር። የተነገረኝ ደግሞ ጋዜጣ ላይ የሚወጣ አይደለም።

መኪናዋ ፈላች። ወልዴ በጀሪካን ውሃ እስኪያጠጣት ድረስ ወርደን ቆምን። ከታች አባያ ሐይቅ ይታያል፤ ውሃው ቀይ ነው፣ ሸክላ የበጠበጡበት ይመስላል። ከበጎቹ አንዱ በዚህ መሐል የደብዳቤዬን ፖስታ ጥግ በልቷል። ደብዳቤው ደህና ነው።

ሰኞ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል፤ ሁምቦ

ሙቀት። ጋሪ፣ አህያ፣ ማንጎ። ሦስት ማንጎ በዐሥር ሳንቲም፤ ሻጯ አራተኛውን በራሷ ፈቃድ ጨመረችልኝ፤ የፊቴን አቧራ አይታ ይመስለኛል።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ በቅሎ ይዞ ይጠብቀኛል። «ሳሮ» ብዬ በወላይትኛ ሰላምታ ሰጠሁት፤ በአማርኛ መለሰልኝ። እኔ የሶዶ ልጅ ነኝ፣ እሱ የሁምቦ ሰው ነው፤ ሁለታችንም ቤታችን የምንናገረው አንድ ቋንቋ ነው። ነገር ግን የመንግሥት በቅሎ እየሳበ ወላይትኛ መናገር ደንብ አልመሰለውም። ሁለት ሰዓት መንገድ በአማርኛ ሄድን።

«ልጅቱ ምን ዓይነት ናት?» አልኩት።

«ጎበዝ ነው» አለ፤ አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም። «ግን ባንዲራ ላይ ያለቅሳል።»

«ለምን?»

እጁን ወደ ሰማይ አነሣ። ሰማዩ ላይ ከፀሐይ በቀር ምንም አልነበረም።

ሰኞ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል፤ ትምህርት ቤቱ

አንድ ረጅም የጭቃ ቤት፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ አራት በር። ሜዳው መካከል የባንዲራ እንጨት፣ ሜዳው ዳር አንድ ትልቅ ዋንዛ። የዳይሬክተሩ ቢሮ ውስጥ የንጉሠ ነገሥቱ ፎቶግራፍ፣ አንድ ሳጥንና ሁለት ወንበር አለ። አቶ ደምሴ ቀጭን፣ ጸጥ ያሉ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ሰው ናቸው። ክፉ ሰው ፈልጌ ነበር የመጣሁት፤ አላገኘሁም። ብቻቸውን ሁለት ክፍል ያስተምራሉ፤ አራተኛ ክፍል ውስጥ ብቻ ሰባ ስድስት ተማሪ አለባቸው።

ሁለት የፈተና ወረቀት ከሳጥኑ አውጥተው ጎን ለጎን ዘረጉልኝ።

«እዩት። ጥያቄው ሰሌዳ ላይ ነበር የተጻፈው። ሰባተኛው፣ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ስድስት ለዐሥራ ሁለት ሲካፈል ይላል። መልሱ ሰባ ስምንት ነው። ሁለቱም ሰማንያ ሁለት፣ ቀሪ ሁለት ብለው ጽፈዋል። ከሰባ ስድስቱ እንዲህ ብሎ የጻፈ ሌላ የለም። ልክ መልስ ሁለት ሰው ሊያገኘው ይችላል። ስሕተት ግን፣ አቶ ታደሰ፣ አንድ ዓይነት ስሕተት ከየት ይመጣል?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። እርሳሴን አውጥቼ ወደ ኋላ አባዛሁት። ዐሥራ ሁለት ጊዜ ሰማንያ ሁለት ዘጠኝ መቶ ሰማንያ አራት፤ ቀሪውን ሁለት ስጨምር ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ስድስት መጣ። ሠላሳው ሰማንያ ሆኗል እንጂ ሒሳቡ ልክ ነው።

«ሰሌዳውን ማየት እችላለሁ?» አልኩ።

ፈተናው ከሰሌዳው ከተጠረገ ሰንብቷል። ግን የዕለቱ ትምህርት በአቶ ደምሴ እጅ ተጽፎበታል። ሦስት ቁጥር ሁለት ቦታ ላይ አለች። ሁለቱም ቦታ ላይ ሆዷ ተዘግቷል።

«ይህች ስንት ናት?» አልኳቸው።

«ሦስት ናት።»

ወደ ሰሌዳው ቀረብ አሉ። በጣታቸው የሦስትን ሆድ ጠረጉና ከፈቱት።

ሰኞ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት፤ የኡፋይሴ ቤት

ልጅቷ ኡፋይሴ ትባላለች፤ በወላይትኛ ደስታ እንደማለት ነው። ቤታቸው ከትምህርት ቤቱ የሩብ ሰዓት መንገድ ነው፤ ዘበኛው መራኝ። በር ላይ ቆማ ትጠብቀናለች፤ አንድ ትልቅ የሙዝ ቅጠል እንደ ጃንጥላ ይዛለች። ዐሥራ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። አፍንጫዋና የጆሮዋ ጫፍ ተልጧል። ዓይኖቿ ይጨናበሳሉ፤ ደግሞም አንድ ቦታ አያርፉም፣ ወዲያና ወዲህ ይንቀሳቀሳሉ።

ጎንበስ ብላ እጇን ዘረጋችልኝ። እኔ በዚያ ቅጽበት ቦርሳዬን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ አዛወርኩ። የሚፈለግ ወረቀት እንዳለ ሁሉ ከፍቼ ተመለከትኩ። ይህን የጻፍኩት እንዲታወቅብኝ ነው፤ የተማርኩ ሰው ነበርኩ።

«አይጋባም፣ ጋሼ» አለችኝ፤ እጇን አላጠፈችም። «አብራኝ የተባረረችው ማርታ ሦስት ዓመት አጠገቤ ተቀምጣለች። እንደነበረች ናት።»

ጨበጥኳት። እጇ እጅ ነው።

አባቷ አቶ ጮራሞ የጸሎት ቤት ሽማግሌ ናቸው። እናቷ ወይዘሮ ቦጋለች የተቀቀለ ቦዬ፣ ድንች የሚመስለውን ሥር፣ በዳጣ አቀረቡልን፤ ቦዬው ትኩስ፣ ዳጣው ደግሞ ቃሪያ የበዛበት ነው፤ ዓይኔን ጠረግሁ። ጨለማውን ስለምድ የቤቱ ግድግዳ በሙሉ ተጽፎበት አየሁ። በከሰል፣ እያንዳንዱ ፊደል ሰሐን ሰሐን የሚያህል። ከበሩ ጀምሮ ሀ ሁ ሂ፣ ከምሰሶው ወዲያ የመዝሙር ቃል፣ ላሟ ከምትታሰርበት በላይ የማባዣ ሰንጠረዥ።

«ወንጌል ላስነብባት ብዬ ነው የጀመርኩት» አሉ አቶ ጮራሞ። «የመጽሐፉ ፊደል ጠበባት። ፊደሉን ከማስፋት በቀር ምን አደርጋለሁ?»

የሰባት ማባዣ ግማሹ የለም።

«ላሟ ትልሰዋለች» አለች ኡፋይሴ። «ሰባትን በቃሌ ይዤዋለሁ።»

ትምህርት ቤት ውስጥስ እንዴት እንደምትማር ጠየቅኋት። የሚጻፈውን እንደማታይ፣ መምህሩ ሲናገሩ ግን እንደምትሰማ፣ ያልተናገሩትን ማርታ እንደምታነብላት ነገረችኝ። ለመምህሩ ነግራቸው ታውቅ እንደሆነም ጠየቅኋት።

«አንድ ቀን ወደፊት ልቀመጥ ብዬ ነበር። ፊት ለፊት መስኮት አለ፤ ብርሃኑ ዓይንሽን ይጎዳዋል አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ግን ኋላም ሆኜ ዓይኔ አልተሻለውም።»

እናቷ እሳቱን ቆሰቆሱ። ከዚያ በወላይትኛ፣ ለእኔም ለማንም ሳይሆን ለምድጃው የሚናገሩ መስለው ተናገሩ።

«መባረሯ ሲሰማ ጎረቤት ሁሉ ‹እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከፀሐይ ዳነች› አለ። እኔም ብያለሁ። ቢጠና ከተማ፣ አክስቷ ጋር ትሄዳለች፣ ቤት ውስጥ ጥጥ ትፈትላለች ተባለ። ጥሩ ነው አልኩ። ከዚያ ይህች ልጅ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። ለካ ፀሐዩን ፈልጋው ኖሯል።»

«ፀሐዩን አይደለም፣ እማ» አለች ኡፋይሴ። «ክፍልፋይ ሳንጨርስ ነው ያባረሩን።»

ስወጣ አቶ ጮራሞ እስከ አጥሩ ሸኙኝ። ስለ ልጃቸው አንድም ቃል አልለመኑኝም። የነገሩኝ ስለ ማርታ ነው፤ አባቷ ከትምህርት ቤት መባረሯን እንደሰሙ ሽማግሌ ተቀብለዋል። ባልየው ሚስት የሞተችበት፣ አራት ልጅ ያለው ሰው ነው። የሠርጉ ቀን የሚቆረጠው የእኔ ፊርማ ከደረሰ በኋላ ነው አሉኝ፤ ምናልባት ብትመለስ ብለው ነው የቆዩት።

ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ቅጽ ከዚያ በፊት ይህን ያህል ከብዶኝ አያውቅም። ያደርኩት ትምህርት ቤቱ ውስጥ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር ተገጥሞልኝ ነው።

ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት፤ የባንዲራ ሥነ ሥርዓት

ሁለቱም ልጆች እንዲመጡ አስጠርቻለሁ። ኡፋይሴ የሙዝ ቅጠሏን ይዛ ገባች፣ ሰልፉ ጋ ስትደርስ መሬት ላይ አስቀመጠችው። ባንዲራ ፊት ራስ መሸፈን ክልክል ነው። ሁለት መዝሙር ተዘመረ፣ አንድ ጸሎት ተጸለየ፣ ስለ ጥፍር ንጽሕና ምክር ተሰጠ። በጠዋቱ ያን ያህል ፀሐይ ይኖራል ብዬ አልጠበቅሁም። ልጅቷ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ እንባዋ በሁለቱም ጉንጮቿ ይወርዳል። አልቅሳ አይደለም። ዓይኗ በራሱ ጊዜ ነው የሚያነባው።

ሰልፉ ሲበተን ማርታ ቅጠሉን ከመሬት አንሥታ አቧራውን አራግፋ ሰጠቻት። ማርታ ረጅም፣ ጠይም፣ ጥፍሯን የምትበላ ልጅ ናት። ስለ ጥፍር ምክር ሲሰጥ እጇን ከኋላዋ ደብቃ ነበር።

ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፤ አራተኛ ክፍል

ሌሎቹን ወደ ውጪ አስወጥተን ሁለቱን በሁለት ጥግ አስቀመጥን። አቶ ደምሴ ዐሥር የሒሳብ ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ጻፉ። ሦስትን በጣም ተጠንቅቀው ነው የሚጽፏት።

ማርታ መጻፍ ጀመረች። ኡፋይሴ እርሳሷን ይዛ ተቀመጠች።

«ለምን አትጽፊም?» አሏት።

«ምን እንደተጻፈ አላውቅም፣ ጋሼ።»

«ወደፊት ቅረቢ።» አንድ ወንበር ቀረበች። «አሁንስ?» አሁንም የለም። እንዲህ እያለች እየቀረበች ሰሌዳው ሥር ደረሰች፤ አፍንጫዋ ሰሌዳውን ሲነካ ቆመች። ከዚያ ከግራ ወደ ቀኝ፣ አንድ አንድ ቁጥር እየለቀመች መሄድ ጀመረች። የመጀመሪያውን ጥያቄ አንብባ ስትጨርስ ግማሹን ጠመኔ በአፍንጫዋ ጠርጋዋለች።

አቶ ደምሴ ይህን ሁሉ ቆመው አዩ። ሦስት ዓመት አስተምረዋታል።

«ተቀመጪ» አልኳት። «እኔ አነብልሻለሁ።»

አነበብኩላት። ራሷን ዘንበል አድርጋ ሰማችኝ። ወረቀቱን እስከ አፍንጫዋ አስጠግታ፣ ትልልቅ ቁጥር እየጻፈች፣ ጥያቄ ሳታስደግመኝ ጨረሰች። ከዐሥሩ ዘጠኙ ልክ ነው። ያጠፋችው አንዱን ነው፤ ያንንም እኔ አሳስቼ አንብቤላት እንደሆነ ኋላ ታወቀ።

ማርታ ከዐሥሩ ሦስት አገኘች። ማካፈል ያለበት አንዱም ልክ አልሆነም።

ከዚህ በኋላ አቶ ደምሴም እኔም ነገሩ ገብቶናል፤ ግን ቅጽ ስላለ ከአፏ መስማት ነበረብኝ። ማርታን ከሰሌዳው ፊት አቆምኳት።

«ፈተና ላይ ምን ነበር የምትነጋገሩት?»

ማርታ ወደ ኡፋይሴ አየች። ኡፋይሴ ወዴት እንደምታይ አይታወቅም።

«እኔ አነብላታለሁ» አለች። «እሷ ታሰላለች። መልሱን ትነግረኛለች።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሁለተኛ ክፍል።»

«አብራችሁ እንድትቀመጡ ማን አደረገ?»

«ማንም ከሷ ጋር አልቀመጥም አለ። እኔ የዚያን ቀን አርፍጄ መጣሁ። የቀረው ቦታ የሷ ጎን ነበር።» ጥፍሯን ወደ አፏ ወሰደችና መለሰችው። «ሌላ ቀን ሳላረፍድ መጣሁ። ግን ለመድኳት።»

ኡፋይሴ ሳትጠየቅ ተነሣች።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የሁለታችንም ነው። እሷ ብትባረር እኔ ብቻዬን ብቀር ዋጋ የለውም። ማን ያነብልኛል?»

«ስለምታነብልሽ ነው የምታዝኚላት?» አሉ አቶ ደምሴ፤ ቁጣ አልነበረበትም።

ልጅቷ አሰበች። «ስለምታነብልኝም ነው» አለች።

ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት፤ ቢሮው ውስጥ

ከዳይሬክተሩ ጋር ቅጹን መካከላችን አድርገን ተቀመጥን። በደንቡ መሠረት ማርታ መልስ ወስዳለች፤ ኡፋይሴም ሰጥታለች። በደንቡ መሠረት «ተረጋግጧል» የሚለው ላይ ምልክት ማድረግ ይበቃኝ ነበር። ቀጥሎ አንዷ ጥጥ ወደ መፍተል፣ አንዷ አራት ልጅ ወደ ማሳደግ ትሄዳለች፤ እኔም ከወልዴ መኪና ጋር ወደ ሶዶ።

«እኔ ደንብ ነው ያስከበርኩት» አሉ አቶ ደምሴ።

«ደንቡ ፈተናውን ሁሉም ሰው ያነባል ብሎ ያስባል። እሷ አላነበበችም። ያላነበበችውን ፈተና እንዴት ትኮርጃለች?»

«ማርታስ?»

«ማርታ ኮርጃለች» አልኩ። «ግን ሦስት ዓመት ሙሉ የእርስዎን ሥራ በነጻ ሠርታለች።»

ይህን ለማለት አላሰብኩም ነበር። አቶ ደምሴ የሸሚዛቸውን የአንገት ቁልፍ ፈቱት። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር።

«ሰባ ስድስት ናቸው» አሉ። «ለአንዷ እየሮጥኩ ላንብብ?»

«ለሁሉም ያንብቡ። እየጻፉ ድምፅዎን ከፍ ማድረግ ነው።»

ይህን እዚያው ሞከርነው። ክፍሉን ሰብስበው፣ የቀኑን ትምህርት እየጻፉ ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። ኡፋይሴ በፊተኛው ወንበር፣ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ ተቀምጣለች፤ ወንበሩን ማዞር እንደሚቻል እስከዚያ ቀን ማንም አላሰበም፣ እኔም ጭምር፤ ያዞረው ዘበኛው ነው። አቶ ደምሴ ሁለተኛውን መስመር ሲያነቡ ከኋላ ረድፍ ሦስት ወንዶች ቀና አሉ፤ ደብተራቸውንም ከፈቱ። እነዚህ ሦስቱ በሮስተሩ ላይ «ሰነፍ» ተብለው ነው የተመዘገቡት። አቶ ደምሴ አይተዋቸዋል፤ ምክንያቱም ሦስተኛውን መስመር ሁለት ጊዜ አነበቡት።

የቀረው ባንዲራው ነበር። ራስ መሸፈን አይፈቀድም፤ ይህን እኔም የመለወጥ ሥልጣን የለኝም።

«ሰልፉን ወደ ዋንዛው ጥላ ማዞር ይቻላል» አሉ አቶ ደምሴ። «ባንዲራው ከዚያም ይታያል።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እውነቱን ለመናገር እኔም ፀሐዩን አልወደውም» አሉኝ።

«አልተረጋገጠም» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ይህ ብቻውን ግማሽ ውሸት ስለሆነ የሆነውን ሁሉ በጀርባው ላይ ጻፍኩ፦ ማርታ ሒሳብ ብቻዋን እንደገና ትፈተናለች፤ ትምህርት ላይ አብረው ይቀመጣሉ፣ ፈተና ላይ ይለያያሉ፤ ፈተናው ይነበባል። ካርቦኑን ማዞር ረስቼ ሁለተኛው ቅጂ ላይ ጽሑፉ ተገልብጦ ወጣ። ሦስተኛው ላይ ጭራሽ አልወጣም።

ለልጆቹ ነገርናቸው። ማርታ አለቀሰች። ኡፋይሴ ማርታ ከዐሥሩ ስንት እንዳገኘች ጠየቀች። ሦስት መሆኑን ስትሰማ «ለሰኔ ፈተና ስንት ወር ነው የቀረው?» አለችና ጓደኛዋን በእጇ ይዛ ወደ ዋንዛው ሥር ወሰደቻት። በቅሎዋ ላይ ስወጣ ማካፈል ጀምረዋል። ከሩቅ የሚሰማው የኡፋይሴ ድምፅ ነው፤ ተቆጥታለች።

ረቡዕ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፤ ሶዶ

ወልዴ ማክሰኞ ማታ ስላልነበረ ሁምቦ አደርኩ፤ ረቡዕ ካሚዮኗ ላይ፣ በበቆሎ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ተመለስኩ። ሽቅብ ስንወጣ ክራቫቴን፣ ኮቴን፣ ጋቢዬን በቅደም ተከተል መልሼ ለበስኩ።

አለቃዬ ቅጹን ተቀብሎ ፊቱን አየ፣ ጀርባውን አየ።

«በጀርባው መጻፍ አይፈቀድም» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ሁለተኛው ቅጂ የሚነበበው በመስታወት ነው።»

«አውቃለሁ።»

ወንበሩ ላይ ተደግፎ ከላይ እስከ ታች አነበበው። ሲጨርስ ማኅተሙን አነሣና መታበት። የመታው ጀርባው ላይ ነው።

የሆነውን እዚሁ ልናገር። በሰኔ ውጤት ሲመጣ ኡፋይሴ በሒሳብ ከክፍሉ አንደኛ ነበረች። ማርታ ሃምሳ ሁለት አገኘች፤ ማለፊያው ሃምሳ ነው። ሽማግሌዎቹ ሌላ ቤት ሄዱ። ከሦስቱ የኋላ ረድፍ ወንዶች ሁለቱ አለፉ፤ አንዱ ወደቀ፣ እሱ እውነትም ሰነፍ ነበር።

ያን ረቡዕ ግን ይህ ሁሉ ገና አልታወቀም። ደክሞኝ ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ አበበች እግሬን እየታጠብኩ የሁምቦን ነገር አስተረከችኝ ማለት ይቻላል፤ ምክንያቱም እኔ አንድ ስል እሷ ሁለት ትጠይቃለች። ስለ ነጯ ልጅ ስነግራት ግን አልጠየቀችም። ውሃውን አቀበለችኝ።

«ምነው?» አልኩ።

«ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያሉትን ሰዎች ታውቃቸዋለህ?»

«በር የሚዘጉትን? በየቀኑ በደጃቸው አልፋለሁ።»

«እነሱ ጋ አንድ ልጅ አለ። ልክ እንደ ነገርከኝ ነው። ዘጠኝ ዓመቱ ነው።»

«አይቼው አላውቅም።»

«ማንም አላየውም» አለች። «ድምፁን ነው የምንሰማው። እህቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተማረችውን ያስደግማታል።»

የሶዶን ትምህርት ቤቶች ሰባት ዓመት ቆጥሬአለሁ። ተማሪ፣ አግዳሚ ወንበር፣ የመስኮት መዝጊያ። ከትምህርት ቤት ውጪ ያለውን እንድቆጥር ያዘዘኝ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል፤ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ

ቢሮ ከመግባቴ በፊት ሄድኩ። መንገዱ አራት ደቂቃ ነው። በሩን አንኳኳሁ። ውስጥ ይሰማ የነበረው የልጅ ድምፅ ተቋረጠ።

«ማነው?» አለች አንዲት ሴት።

«ታደሰ ነኝ፣ ጎረቤታችሁ። ከትምህርት ቢሮ።»

መወርወሪያው ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ በሩ ግን አልተከፈተም።

«ምን አጠፋን?» አለች።

«ምንም» አልኩ። «ያጠፋነው እኛ ነን። የልጁን ስም ልመዘግብ ነው።»

ስሙን የነገረኝ ልጁ ራሱ ነው፤ በበሩ ስንጥቅ፣ ከነአባቱ ከነአያቱ ስም፣ እንዳልሳሳት ቀስ እያለ።